አንበሳው አደባባይ ወጣ፤ አጋዘኑስ?

በ1969 ዓ.ም. የተቀረጸችው የዐሥር ሳንቲም ገንዘብ ሁለት እንስሳት ተሸክማለች። በአንደኛው ገጿ የአንበሳ ራስ፣ በሁለተኛው ገጿ የደጋ አጋዘን ይታይባታል። ሁለቱ እንስሳት በአንዲት ቁራጭ ብረት ላይ እኩል ቦታ ቢያገኙም ከዚያች ሳንቲም ውጭ የገጠማቸው ዕጣ ግን ፈጽሞ የተለያየ ነው። አንበሳው ከሳንቲሙ ወጥቶ፣ በነሐስና በድንጋይ ገዝፎ፣ በአደባባይ ቆመ። አጋዘኑ ግን ኪስ ውስጥ ቀረ። ስሙ እንኳ ቢነሣ የሚነሣው «ኒያላ» ተብሎ በሲጋራ ፓኮ፣ በመድን ድርጅትና በመኪና አስመጪ ላይ ነው።

ነገሩ እንደ ቀላል የሚታለፍ አይደለም። የደጋ አጋዘን በዓለም ላይ ከኢትዮጵያ በቀር፣ በኢትዮጵያም ውስጥ ከስምጥ ሸለቆ በስተ ምሥራቅ ካሉት ደጋዎች በቀር የትም አይኖርም። ከአፍሪካ ትልልቅ የዱር እንስሳት መካከል ለዓለም ሳይንስ ዘግይተው ከታወቁት አንዱ ሲሆን፣ ሳይንሳዊ ስም የወጣለት እ.ኤ.አ. በ1910 ነው። መኖሪያው የአርሲና የባሌ ተራሮች ናቸው፤ ጭላሎ፣ ገለማና ካካ የእርሱ ሠፈሮች ናቸው። ከአዲስ አበባ 175 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ ከጭላሎ ሥር የተቆረቆረችው አሰላም ከ2,400 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ሆና የምትኖረው በዚሁ እንስሳ ጉርብትና ነው። ታዲያ እንዲህ ያለ ጎረቤት ያላት ከተማ አደባባይዋን ለማስጌጥ ስትነሣ ስለ ምን ዐይኗን ወደ ሩቅ ትጥላለች?

ክርክሩ ያለው እዚህ ላይ ነው። ስለ ሕዝብ አደባባይ ሲነገር ጆሮ የሚሰለቸው አንድ አስተሳሰብ አለ። ይኸውም ሐውልት ማለት የቁም ነገር ብቻ ማደሪያ ነው፤ ሳቅና ጨዋታ አይገባውም፤ የእንስሳ ቅርጽ ካስፈለገም አንበሳ ይበቃል፤ ሌላው የልጆች መጫወቻ ነው የሚል ነው። ይህ አስተሳሰብ የተከበረ ቢመስልም ስሕተት ነው። የከተማ አደባባይ ሕዝብ ቆሞ የሚያከብረው ሥራ እንደሚያስፈልገው ሁሉ ሕዝብ አይቶ ፈገግ የሚልበትም ሥራ ያስፈልገዋል። ያ ሥራ ከአገሬው እንስሳ፣ ከአገሬው ተረትና ከአገሬው እጅ የተወለደ እንደ ሆነ ደግሞ ከጌጥነት አልፎ ለነዋሪው መንፈስ ስንቅ ይሆናል።

በመጀመሪያ የአንበሳውን ሐቅ መስጠት ተገቢ ነው። ለገሃር ፊት የሚገኘው የይሁዳ አንበሳ ሐውልት ለዘውድ በዓል በ1923 ዓ.ም. ቆመ። የፋሺስት ወራሪ ነቅሎ ወደ ሮም ወሰደው። በ1930 ዓ.ም. ዘርዓይ ደረስ የአገሩ ምልክት በባዕድ ከተማ መዘባበቻ ሆኖ ማየት አንገብግቦት ጎራዴ የመዘዘው በዚያ ሐውልት ፊት ነበር። ሐውልቱም ከሠላሳ ዓመት ገደማ ስደት በኋላ ወደ ቦታው ተመለሰ። በብሔራዊ ቴአትር ፊት የቆመው፣ ፈረንሳዊው ቀራፂ ሞሪስ ካልካ የሠራው አንበሳ ደግሞ የንግሥናው 25ኛ ዓመት በ1948 ዓ.ም. ሲከበር የተተከለ ነው። እነዚህ ሁለቱ በደምና በታሪክ ቦታቸውን የገዙ ናቸው። ከቦታቸው ይነሡ የሚል የለም፤ ሊኖርም አይገባም።

ይሁን እንጂ ሁለቱም የተሠሩት ለዙፋን መሆኑ መዘንጋት የለበትም። በከፍታ ላይ የቆመ አንበሳ ለተመልካቹ የሚነግረው ነገር አንድ ነው፤ «ቀና ብለህ እይ» ይለዋል። ይህ ቋንቋ ጊዜና ቦታ አለው። ነገር ግን አንድ ሕዝብ ዕድሜውን በሙሉ በየአደባባዩ ቀና ብሎ እንዲያይ ብቻ ከተደረገ፣ አደባባዩ የእርሱ ሳይሆን የሌላ ሰው ግቢ መስሎ ይታየዋል። በደረቱ ከፍታ የቆመ፣ ጀርባው በሕፃናት መዳፍ የተወለወለ አጋዘን ወይም አህያ ግን ሌላ ቋንቋ ይናገራል። «ና፣ ጠጋ በል፤ ቦታው ያንተ ነው» ይለዋል።

እንስሳ የልጆች ነገር ነው የሚሉ ሰዎች የገዛ አገራቸውን የኪነ ጥበብ ታሪክ ቢያገላብጡ ነገሩ በተቃራኒው ሆኖ ያገኙታል። በየሐ ጥንታዊ ሥፍራ፣ ከክርስቶስ ልደት በፊት በነበረው ዘመን፣ ጠራቢዎች የዋልያ ምስሎችን በድንጋይ ላይ ደርድረው ቀርጸዋል። በአክሱም አጠገብ በጎበድራ፣ ግዙፍ አለት ላይ የተቀረጸችው እንስት አንበሳ እስከ ዛሬ አለች። ወደ ቅርቡ ዘመን ቢመጣም የኢትዮጵያ ዘመናዊ ቴአትር ሲወለድ በመድረኩ ላይ የወጡት ነገሥታትና ጀግኖች አልነበሩም፤ አውሬዎች ነበሩ። በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም የደረሱት «ፋቡላ፦ የአውሬዎች ኮሜዲያ» የዘመኑን አስተዳደር ብልሹነት በእንስሳት አፍ የተቸ ነበር። ነገሩ ወዴት እንደሚያነጣጥር የገባቸው ሹማምንት ተቆጡ፤ ተውኔቱም ታገደ። የልጆች ጨዋታ ቢሆን ኖሮ ማን ያግደው ነበር? ከዚያም ወዲህ የባሌው ተወላጅ ተስፋዬ ሣህሉ፣ ሕዝቡ «አባባ ተስፋዬ» የሚላቸው ታላቅ ከያኒ፣ ከአርባ ዓመታት በላይ በቴሌቪዥን መስኮት በእንስሳት ተረት ትውልድ ሲያንጹ ኖረዋል። በዚያ ተረት ያደገ ሁሉ ዛሬ መምህር፣ ሐኪም፣ ሹም ነው። ተረቱም ከእርሱ ጋር አድጓል እንጂ አልጠፋም።

አርሲም ከዚህ ቅርስ ባዶ እጁን የቆመ አገር አይደለም። በአርሲ ኦሮሞ ምድር፣ በተለይም በስምጥ ሸለቆው መንገድ ግራና ቀኝ፣ ለታላላቅ ሰዎች የሚሠሩ በቀለም ያሸበረቁ መቃብሮች አሉ። በግድግዳቸው ላይ ፈረሰኛው ከነጦሩ፣ አንበሳው፣ ከብቱ በደማቅ ቀለም ይታያሉ። እነዚህን የሠሩ እጆች የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ደጃፍ ሳይረግጡ፣ ከመንገደኛው ዐይን ጋር በቀጥታ መነጋገርን ያወቁ እጆች ናቸው። ሞትን እንኳ በፈረስና በቀለም የሚያጅብ ሕዝብ ለሕያዋን አደባባይ ግራጫ ሲሚንቶ ብቻ ይበቃዋል ማለት ሕዝቡን አለማወቅ ነው። በሌላ በኩል ከብት የሚጠብቀው እረኛ ከወንዝ ዳር ጭቃ አድቦልቡሎ በሬና ፈረስ ሲያበጅ ማየት በደጋው ሁሉ የተለመደ ነው። ያ ልጅ የመጀመሪያው ቀራፂ ነው። ትምህርት ቤት ከገባ በኋላ ጭቃውን እንዲጥል የሚነገረው ግን ስለ ምንድን ነው? ይህን ጥያቄ መምህራን ለራሳቸው ሊያቀርቡት ይገባል።

ሁለተኛው ተቃውሞ ከዚህ ይከብዳል። «ውኃ ያልደረሰው ቀበሌ፣ ጠጠር ያልለበሰ መንገድ፣ መጽሐፍ የጎደለው ትምህርት ቤት ባለበት አገር የሚያስቅ ሐውልት ምን ይሠራል?» የሚል ነው። ጥያቄው የቅንነት ጥያቄ ስለ ሆነ የቅንነት መልስ ይሻል። ቅርጻ ቅርጽ ውኃ አይሆንም፤ ሥራ አጥነትንም አይሽርም። የውኃን በጀት አንሥቶ ለሐውልት የሚያውል አስተዳደር ቢኖር ሊወቀስ ይገባዋል። ነገር ግን ደስታ የጥጋብ ትርፍ ነው፤ ችግረኛ አይገባውም የሚለው ሐሳብ በዓለም ታሪክ ፊት አይቆምም።

ለዚህ ሁለት ምስክሮች ይበቃሉ። የጀርመን ከተማ ብሬመን በሁለተኛው የዓለም ጦርነት በቦምብ ክፉኛ ፈራርሳ ነበር። ጦርነቱ ካበቃ ከስምንት ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1953፣ በከተማው ማዘጋጃ ቤት አጠገብ የተተከለው ቀራፂ ጌርሃርድ ማርክስ የሠራው ነሐስ ነው። እርሱም የጦር ጄኔራል ምስል አይደለም፤ በአህያ ላይ ውሻ፣ በውሻ ላይ ድመት፣ በድመት ላይ አውራ ዶሮ የቆመበት ቅርጽ ነው። በተረቱ ውስጥ እነዚህ አራቱ አርጅተው ወይም አላስፈልግ ብለው ከጌቶቻቸው ቤት የተገፉ፣ ተባብረው ግን ሌቦችን ያባረሩ ናቸው። ተመልካቹ የአህያዋን የፊት እግሮች እየጨበጠ ምኞቱን ስለሚናገር እግሮቿ እንደ ወርቅ ያበራሉ። ሁለተኛው ምስክር ጃፓን ናት። የሞተ ጌታውን በቶኪዮ ሺቡያ የባቡር ጣቢያ ለዓመታት ይጠብቅ ለነበረው ውሻ ለሃቺኮ እ.ኤ.አ. በ1934 ሐውልት ቆመለት። በጦርነቱ ጊዜ ብረት ተፈልጎ ሐውልቱ ቀለጠ። አገሪቱ ተሸንፋ፣ ከተሞቿ ተቃጥለው፣ በባዕድ ጦር ሥር ሳለች፣ እ.ኤ.አ. በ1948፣ ውሻው እንደገና ተሠርቶ በቦታው ቆመ። እነዚህ ሕዝቦች እንጀራ ተርፏቸው አልነበረም። ለፈረሰ ከተማ መልሶ ማቆሚያ የሚሆን ጉልበት ከሰው ልብ እንደሚወጣ፣ ያም ልብ ደግሞ አልፎ አልፎ መሳቅ እንዳለበት ስለ ተረዱ ነው።

ሦስተኛው ወገን ከመቃወም ይልቅ በመስማማት የሚጎዳ ነው። እርሱ «እንስሳማ ደስ ይላል!» ብሎ በአንድ ሳምንት ውስጥ ከሲሚንቶ ቀጭኔና የሜዳ አህያ አስወቅሮ፣ ብርቱካናማ ቀለም አስቀብቶ፣ በሆቴል በር ወይም በአደባባይ መካከል ያቆማል። በጭላሎ ብርድ ቀጭኔ ምን ትሠራለች? ከውጭ አገር ሥዕል የተቀዳች፣ ፊቷ ከፍየል ይሁን ከግመል የማይለይ ቀጭኔ ሳቅ አትፈጥርም፤ መሳለቂያ ትሆናለች እንጂ። ሕዝብን ማሳቅና በሕዝብ መሣቅ የተለያዩ ናቸው። የሚያስደስት ሥራ ከሚያስለቅስ ሥራ ያነሰ ሙያ አይጠይቅም፤ ይልቁንም ይበልጣል። አጋዘኑ በቁመቱ፣ በቀንዱ ጥምዝ፣ በዐይኖቹ መካከል ባለው ነጭ መስመር በትክክል ካልታወቀ ቀልዱ አይሠራም፤ የሚቀለድበት እንስሳ በመጀመሪያ መታወቅ አለበትና። በ1950 ዓ.ም. በዓለ ፈለገ ሰላም የተመሠረተው የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ለብዙ ትውልድ ቀራፅያንን አሠልጥኗል። ባለሙያ ሳይጠፋ ሥራው ለዝቅተኛ ተጫራች የሚሰጥ ከሆነ ጥፋቱ የቀራፂው አይደለም።

ታዲያ በአሰላ ምን ሊሠራ ይችላል? መልሱ ከእግር ሥር ነው። አርሲ የስንዴና የገብስ አገር እንደ መሆኑ መጠን ከብዙ አውራጃዎች ቀድሞ ትራክተርና ኮምባይነር የገባበት ምድር ነው። በ1960 ዓ.ም. አካባቢ በስዊድን ድጋፍ የተቋቋመው የጭላሎ እርሻ ልማት ድርጅት፣ በአጭር ስሙ ካዱ፣ ለዚህ መንገድ ከፍቷል። የእርሻ መሣሪያ ያረጃል፤ አርጅቶም በየጋራዡ ጓሮ ይዝጋል። ያ የዛገ ብረት ለቀራፂ ሀብት ነው። የባሌስትራ ብረት በእሳት ሲጠመዘዝ የአጋዘን ቀንድ ይሆናል፤ የኮምባይነር ጥርስ የጅብ መንጋጋ ይሆናል። የብየዳ ቤቱ ወጣትና ከትምህርት ቤቱ የወጣው ቀራፂ ተቀናጅተው ቢሠሩ፣ ገበሬው የገዛ ትራክተሩን ቁራጭ በአጋዘኑ ጎን ላይ ዐውቆ ይስቃል።

ሐሳቡም ቢሆን ከሕዝቡ አፍ ሊለቀም ይችላል። «ጅብ በማያውቁት አገር ሄዶ ቁርበት አንጥፉልኝ አለ» የሚለውን ምሳሌ የማያውቅ የለም። እንግዲህ በአውቶቡስ መናኸሪያው ደጃፍ፣ እንግዳ ሁሉ ከመኪና በሚወርድበት ቦታ፣ ቁርበት ላይ በክብር ተቀምጦ መንገደኛውን በኩራት የሚመለከት ጅብ ቢኖር፣ ከረጅም መንገድ ደክሞ የመጣ ሰው ሳይወድ በግዱ ፈገግ ይላል። ወዲያውም «እኔስ እዚህ አገር ማን ነኝ?» ብሎ ራሱን ይጠይቃል። በትምህርት ቤት አጥር ላይ አንገቱን አሻግሮ የክፍሉን ትምህርት የሚያዳምጥ አጋዘን፣ የዘገየውን ተማሪ ከመምህሩ ቁጣ በፊት ይቀበለዋል። በጋሪ ማቆሚያው ደግሞ ጋሪው ላይ ተቀምጦ ያረፈ ፈረስ ቢኖር ባለጋሪው ስለ እንስሳው ድካም አንድ ቀን ያስብ ይሆናል። የቀይ ቀበሮም ጠባይ ለቀልድ የተመቸ ነው፤ ፍልፈል ለመያዝ በጉድጓድ አፍ ላይ ጆሮውን አቁሞ፣ ሳይነቃነቅ ይጠብቃል። ቀበሮው በአንድ ጉድጓድ ላይ አፍጥጦ ሳለ ፍልፈሉ ከኋላው በሌላ ጉድጓድ ብቅ ብሎ ቢያየው፣ ይህን ለማስረዳት ጽሑፍ አያስፈልግም። ሕፃኑም ሽማግሌውም እኩል ያነቡታል።

አርሲ የሯጮች አገር ነው፤ አደባባዩ ለእነርሱ ይገባል የሚልም ይኖራል። በ1984 ዓ.ም. በባርሴሎና የወርቅ ሜዳሊያ ያጠለቀችው ደራርቱ ቱሉ፣ ኃይሌ ገብረ ሥላሴ፣ ቀነኒሳ በቀለ፣ ጥሩነሽ ዲባባ ከዚህ ምድር ወጥተዋል፤ ክብር ቢያንሳቸው እንጂ አይበዛባቸውም። ነገር ግን ጀግናና አጋዘን በቦታ የሚጣሉ አይደሉም። እነዚህ ሯጮች ሳንባቸውን ያሰፉት አጋዘኑ በሚተነፍሰው ቀዝቃዛ አየር ነው። ከተማ ሁሉ አንድ አደባባይ ብቻ የለውም፤ ለጀግናው ታላቁ አደባባይ፣ ለአጋዘኑ የሠፈር ጥግ፣ የሆስፒታል ግቢ፣ የገበያ መግቢያ ይበቃል።

አንድ ነገር ግን በጥንቃቄ ሊያዝ ይገባዋል። በአርሲ ሙስሊሙ፣ ክርስቲያኑና የዋቄፈታ አማኙ በጉርብትና ይኖራሉ። ከእነርሱም መካከል ሕይወት ያለውን ፍጡር መቅረጽ በእምነታቸው የማይፈቀድላቸው አሉ። ይህን እንደ ኋላ ቀርነት ቆጥሮ መናቅ የኪነ ጥበብ ሰው ጠባይ አይደለም። ከቤተ አምልኮ አጠገብ ቅርጽ አለማቆም፣ ከመሥራት በፊት የሠፈሩን ሽማግሌዎችና እናቶች ሰብስቦ መጠየቅ፣ የሚቃወም ካለ አምኖ መስማት ግዴታ ነው። ሕዝቡ ሳይመክርበት የቆመ ምስል፣ የቱን ያህል ቢያስቅ፣ ከላይ የወረደ ትእዛዝ ነው። ትእዛዝ ደግሞ አዛዡ ሲሄድ አብሮ ይሄዳል። በአዲስ አበባ እ.ኤ.አ. በ1983 የቆመው የሌኒን ሐውልት እ.ኤ.አ. በ1991 መውረዱ ለዚህ በቂ ትምህርት ነው። ከታች የመጣ ሥራ ግን ጠባቂው ብዙ ነው። ጅቡን ያሠራው ሠፈር የጅቡን ጆሮ የሚሰብር ጎረምሳ ሲያገኝ ፖሊስ አይጠራም፤ ራሱ ይቆጣዋል።

ይህ ሁሉ ስለ ፈገግታ ብቻ የተባለ አይደለም። ከፈገግታው በስተ ጀርባ የሞትና የሕይወት ጉዳይ አለ። እርሻው ወደ ተራራው እየወጣ፣ አስታው ለማገዶ እየተቆረጠ፣ ከብቱ ወደ ላይ እየተነዳ፣ የአጋዘኑ ቦታ ከዓመት ወደ ዓመት ጠብቧል። የቀይ ቀበሮ ነገርማ የባሰ ነው፤ በኢትዮጵያ ደጋዎች ሁሉ ለአቅመ መራባት የደረሱት ተቆጥረው 500 አይሞሉም ተብሎ ይገመታል። የአርሲ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ መከለሉ መልካም ነው። ሆኖም ፓርክን የሚጠብቀው አጥርና ዘበኛ ብቻ አይደለም፤ በተራራው ሥር የሚኖረው ሰው ልብ ነው። ሰው ደግሞ የማያውቀውን አይወድም፤ የማይወደውንም አይጠብቅም። በሕፃንነቱ የአጋዘንን ቀንድ ይዞ ጀርባው ላይ የወጣ፣ በቀበሮውና በፍልፈሉ የሳቀ ልጅ፣ አድጎ ገበሬ ወይም አስተዳዳሪ ሲሆን ያን ተራራ በሌላ ዐይን ያየዋል። ይህ ካልሆነ ግን የሚመጣው ትውልድ አጋዘኑን የሚያገኘው በዚያች አሮጌ የዐሥር ሳንቲም ገንዘብ ላይ ብቻ ይሆናል። ያን ጊዜ ሳንቲሟ ገንዘብ አትባልም፤ የመቃብር ድንጋይ ናት።

ስለዚህ ሥራው ለሦስት ወገኖች ይቀርባል። መምህሩ የልጁን የጭቃ በሬ አይጣልበት፤ በክፍሉ መስኮት ላይ ያኑርለት። ከያኒው ከአዲስ አበባ ኤግዚቢሽን አዳራሽ ወጥቶ በአሰላ ብየዳ ቤት ደጃፍ ይቀመጥ፤ ተረቱን በኦሮምኛም በአማርኛም ያዳምጥ። የሥራ ኃላፊውም ከዓመቱ በጀት ጥቂቱን ለአንዲት የሠፈር ጥግ መድቦ፣ ሠፈሩን አማክሮ፣ ሥራውን ለሚያውቅ ሰው ይስጥ። አንበሳው ዘመኑን ሙሉ ቆሞ ጠብቋል፤ ክብሩ ይኑርለት። አሁን ግን ተራው የጎረቤቱ ነው። አጋዘኑ ከኪስ ይውጣ።